የታኅሣሥ ብርድና ዕፅዋት፦ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ምን ይታያል?

የዕፅዋት ማዕከል ለመጎብኘት የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው መስከረምንና ጥቅምትን ነው። ሜዳው በአደይ አበባ ተሸፍኖ፣ ምንጩ ሞልቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ ስለሚገኝ ለዐይንም ለፎቶግራፍም ይመቻል። ታኅሣሥና ጥር ግን ሣሩ የሚደርቅበት፣ መንገዱ አቧራ የሚሆንበት፣ ደሴ ላይ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ጣት የሚያደነዝዝ ብርድ የሚወርድበት ጊዜ በመሆኑ፣ “አሁን ሄጄ ምን አያለሁ?” የሚል ሰው ቢበዛ አያስገርምም። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ለዚህ ጥያቄ ነው፤ ተክሎች ብርድንና የውሃ እጥረትን በአንድ ላይ እንዴት እንደሚያልፉ ለመረዳት ለሚሻ ሰው ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ከመስከረም የበለጠ ያሳያል የሚል እምነትም አለው።

በቅድሚያ የዕፅዋት ማዕከል የሚባለውን ከመናፈሻ መለየት ያስፈልጋል። መናፈሻ ለዕረፍትና ለጥላ ይተከላል፤ በዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ግን እያንዳንዱ ተክል የራሱ መዝገብ አለው። ዘሩ ወይም ችግኙ ከየት አካባቢና መቼ እንደተሰበሰበ ይጻፋል፣ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፣ አጠገቡም የአገር ስሙን፣ ሳይንሳዊ ስሙንና የሚመደብበትን ቤተሰብ የያዘ ሰሌዳ ይቆማል። በአገራችን በስፋቱ የሚጠቀሰው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ሲሆን፣ 705 ሄክታር ይሸፍናል። የሚገኘው ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ብርዱ ከደሴ ብርድ ጋር ይቀራረባል፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ደጋ ዛፎች የሚነገረውን እዚያ ሄዶም ማየት ይቻላል። እስከ አዲስ አበባ ያለውን 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለመጓዝ ያልቻለ ሰው ደግሞ የጦሳን ዳገት፣ ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን የጎፍ ደን፣ እንዲሁም በየሠፈሩ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ቅጥሮችንና የሙስሊም መቃብር ስፍራዎችን በዚሁ ዐይን ሊያያቸው ይችላል። መዝገብና ሰሌዳ የላቸውም፤ ነገር ግን በዙሪያቸው የተመነጠሩት አገር በቀል ዛፎች ተርፈው የሚገኙት በአብዛኛው በእነዚህ ስፍራዎች ነው።

በአውሮፓ ለእንዲህ ዐይነቶቹ ማዕከላት ብርድ ከጅምሩ ዋና ጣጣ ነበር። በጣሊያን ፓዱዋ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1545 በተመሠረተው ማዕከል ውስጥ በ1585 የተተከለ አንድ ዘንባባ እስካሁን ያለ ሲሆን፣ ከብርድ የሚጠለልበት የመስታወት ቤት ተሠርቶለታል። በለንደን አቅራቢያ ባለው የኪው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1848 የተጠናቀቀው ትልቁ የመስታወት ቤትም የተገነባው የሞቃት አገር ዘንባባዎች ያንን ብርድ እንዲያልፉበት ነው። በታኅሣሥ ወር ወደዚያ የሚሄድ ጎብኚ ውጪ የሚያገኘው ቅጠላቸውን ያራገፉ ዛፎችን ነው። ምክንያቱ የብርዱ ክብደት ብቻ ሳይሆን የቀኑም ማጠር ነው፤ ታኅሣሥ 12 ገደማ በለንደን የብርሃን ጊዜው ከስምንት ሰዓት ያነሰ ሲሆን፣ በሰኔ አጋማሽ ከአሥራ ስድስት ሰዓት ያልፋል። የእነዚያ አገሮች ዛፎች የሌሊቱን መርዘም እየለኩ ብርዱ ሳይደርስ አስቀድመው ይዘጋጃሉ። በቅጠሉ እግር ላይ የመለያ ሽፋን ያበጃሉ፣ ከቅጠሉ ሊመለስ የሚችለውን ምግብ ወደ ግንዱ ይመልሳሉ፣ ከዚያም ቅጠሉን ይጥላሉ። እምቡጣቸውም በቂ ብርድ ካልቆጠረ አይፈነዳም፤ በብርዱ ወራት መካከል አንድ ሞቅ ያለ ሳምንት ቢመጣ ተታለው እንዳያቆጠቁጡ የሚጠብቃቸው ይህ ነው። ፖም በደጋችን ሲተከል የሚያስቸግረውም ከዚሁ የተነሳ ነው። የሚፈልገውን ያህል ብርድ ስለማያገኝ በጊዜው ሳያብብ ይቀራል፤ ስለዚህ ገበሬዎች ቅጠሉን በእጅ እያራገፉ እንዲያብብ ይገፋፉታል።

ደሴ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የእኛ ዛፎች ከፀሐይ የሚያገኙት የወቅት ምልክት ደካማ ነው። ከወር ወር ያለው የሙቀት ልዩነትም ያን ያህል አይደለም፤ የሚበልጠው በአንዱ ቀንና በዚያው ሌሊት መካከል ያለው ነው። በታኅሣሥ ቀትር ላይ ደሴ ውስጥ ኮት አውልቆ የሄደ ሰው፣ ማታውን ጋቢ ደርቦ ይቀመጣል። ይህም ተክሉን አስቸጋሪ ቦታ ላይ ይጥለዋል፤ የሰሜኑ ዛፍ እንደሚያደርገው ለአራት ወር ተኝቶ እንዳያሳልፍ ቀትሩ ለሥራ ይመቻል፣ ነቅቶ እንዳይቆይ ደግሞ ሌሊቱ ሊገድለው ይችላል። በአንድ አካል ላይ ሁለቱንም መቻል አለበት።

ሌሊቱ ይህን ያህል የሚከፋው ለምንድን ነው? መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። በክረምት ደመናው እንደ ጋቢ ሸፍኖ ብዙውን ሙቀት ይመልስላታል፤ በታኅሣሥ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩም ደረቅ ስለሆነ ሙቀቱ ሳይመለስ ያመልጣል። ንፋስ ከሌለ መሬቱና ሣሩ ከላያቸው ካለው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛሉ፤ በአየሩ ውስጥ ያለችው ጥቂት እርጥበትም ሣሩ ላይ በረዶ ሆና ትቀመጣለች። አመዳይ የምንለው ይህን ነጭ ብናኝ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙዎችን ያስገርማል። የቀዘቀዘ አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል፣ ረባዳ ቦታ ሲያገኝም ይጠራቀማል። በመሆኑም ጠዋት ላይ አመዳይ የሚበዛው ብዙ ሰው እንደሚገምተው ከፍ ባለው ዳገት ላይ ሳይሆን ከዳገቱ ሥር ባለው ሜዳ ላይ ይሆናል።

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ስለሆነች ይህን በራሷ ላይ ታሳያለች። በምሥራቅ በኩል ያለው ሸንተረር የጠዋቱን ፀሐይ ስለሚያዘገይ በቦርከና ዳር ያለው ዝቅተኛ ቦታ ዘግይቶ ይሞቃል፤ የጦሳ ወገብ ግን ቀድሞ ፀሐይ ያገኛል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የቦርከናን ዳርቻ ሣር አይቶ ወደ ጦሳ መውጣት የጀመረ ሰው፣ ነጩ ሣር የት ላይ እንደሚያበቃ በዐይኑ መለየት ይችላል። ከዚያ መሥመር በላይና በታች ያሉትን የጓሮ አትክልቶች ደግሞ ያወዳድር። ከታች ያለው የድንች ቅጠል ጠቁሮ የተቀቀለ መስሎ ሲገኝ፣ ከላይ ያለው አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። የዕፅዋት ማዕከል የሚያቋቁሙ ባለሙያዎች ከሁሉ በፊት ይህን መሥመር ይፈልጋሉ፤ ብርድ የማይችል ተክል ረባዳ ቦታ ላይ ከተተከለ የሚያተርፈው ነገር ጥቂት ነውና።

ቅጠሉ የሚጠቁረውም ብርዱ ስላቃጠለው አይደለም፤ ምንም እንኳ ገበሬው “ውርጭ መታው” ወይም “አቃጠለው” ቢለውም። በረዶው አብዛኛውን ጊዜ መሠራት የሚጀምረው ከሴሎቹ ውጪ፣ በመካከላቸው ባለው ክፍተት ነው። ከዚያ ከሴሉ ውስጥ ውሃ እየሳበ ያድጋል፤ ሴሉ ደርቆ ይጨማደዳል፣ ሽፋኑም ይቀደዳል። ፀሐይ ወጥታ በረዶው ሲቀልጥ ከተቀደደው ሴል የሚፈሰው ውሃ ቅጠሉን ያልፈሰፍሰዋል፣ በማግሥቱም ያጠቁረዋል። ብርድ የሚችሉ ተክሎች በሴላቸው ውስጥ ስኳርና ሌሎች የሚሟሙ ነገሮችን በማብዛት ውሃው በቀላሉ እንዳይሳብ ያደርጋሉ።

አሁን ወደ ዛፎቹ እንቅረብ። የአበሻ ጥድና ወይራ በዚህ አካባቢ ደጋና ወይና ደጋ የሚጠቀሱ ዛፎች ሲሆኑ ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ናቸው፤ ብርዱንና ድርቁን የሚያልፉበት መንገድ ግን ይለያያል። የወይራን ቅጠል በእጅ ይዞ ማገላበጥ በቂ ነው። ላዩ ጠቆር ያለ አረንጓዴና የሚያብለጨልጭ ሲሆን፣ የውስጡ ገጽ በጥቃቅን ቅርፊት መሰል ጸጉሮች ተሸፍኖ ወደ ወርቅማ ቡኒ ያደላል። ቅጠሉ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች በዚህ ሽፋን ሥር ስለተደበቁ፣ ደረቁ የጥር ንፋስ ውሃውን በቀላሉ አይነጥቀውም። ጥዱ ደግሞ ቅጠሉን ራሱን አሳንሶታል። የጎለመሰ ጥድ ቅጠል በቀጭኗ ቅርንጫፍ ላይ የተለጠፈ ቅርፊት እንጂ ቅጠል አይመስልም፤ የችግኙ ቅጠል ግን መርፌ መሰልና የሚዋጋ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያላየ ሰው የአንድ ዛፍ ልጅና ወላጅ መሆናቸውን አምኖ ለመቀበል ይቸገራል።

ከዚህ ከፍ ሲል፣ በወሎ ከፍተኛ ተራሮች፣ ለምሳሌ በአቡነ ዮሴፍ ላይ፣ ጅብራ ይገኛል። ደሴ ከተማ ውስጥ የለም፤ ነገር ግን ስለ ብርድና ስለ ዕፅዋት ተነጋግሮ እርሱን መዝለል አይቻልም። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። ቀን የተዘረጉት ረጃጅም ቅጠሎቹ ማታ ወደ ውስጥ ታጥፈው በመካከል ያለውን ለጋ እምቡጥ ይሸፍኑታል፤ ቀጥ ብሎ የሚያድገው ግንዱም ይህን እምቡጥ ከመሬቱ ጋር ከተጣበቀው እጅግ ቀዝቃዛ አየር በላይ ያነሣዋል። ቀደም ሲል ስለ ከባድ አየር የተባለውን ያስታወሰ አንባቢ፣ ሁለት ሜትር ከፍ ማለት ምን እንደሚጠቅም አይጠፋውም።

ለእኛ አካባቢ ሰው ትልቁ ዕድል ግን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ሙቀት በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚጨምር፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል አራት ዲግሪ ገደማ ልዩነት ይኖራል ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት ግን በሞትና በሕይወት መካከል ያለው ልዩነት ከዚህም ያንሳል። የአውሮፓ ማዕከላት በመስታወትና በማሞቂያ የሚያመጡትን ለውጥ፣ የሐረጎ ቁልቁለት በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያሳያል። ባሕር ዛፉ እንኳ ይለወጣል። በደሴ ዙሪያ የሚበዛው ነጭ ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ቀይ ባሕር ዛፍ ይተካዋል፤ ምንም እንኳ ሁለቱም በአፄ ምኒልክ ዘመን ከገባው የውጭ ዛፍ ወገን ቢሆኑም፣ አንዱ ብርድን ሌላው ሙቀትን ይመርጣል።

ወደ ታች ሲወረድ ብርዱ ይቀንስና የውሃ ማነስ ዋናው ችግር ይሆናል። ቅጠላቸውን የሚጥሉ ዛፎች የሚታዩትም እዚህ ነው። ብሳና ሊወድቅ የቀረበ ቅጠሉን ደማቅ ብርቱካናማ ያደርገዋል፤ አረንጓዴ ዛፍ መካከል አንድ ሁለት ብርቱካናማ ቅጠል ካዩ ብሳና መሆኑን ለመገመት አይቸግርም። ኮርች ከዚህ ያልፋል፤ ቅጠሉን ጥሎ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ ቀይ አበባ ያወጣል። ቅጠል ስላልጋረደው አበባው ከሩቅ ይታያል፣ ቀጭንና ቆልመም ያለ መንቆር ያላቸው ትንንሽ ወፎችም ሊቀስሙ ይመጣሉ። ሬትና ቁልቋል በበኩላቸው የመተንፈሻ ቀዳዳቸውን ቀን ዘግተው ሌሊት ይከፍታሉ። ሌሊት የሳቡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ አስቀምጠው፣ ቀን ፀሐይ ሲወጣ በተዘጋ በር ምግብ ይሠሩበታል፤ በዚህ ዘዴ የሚያጡት ውሃ እጅግ ጥቂት ነው። የቁልቋልን ግንድ ጭሮ ወተቱን ለማየት የሚቃጣው ካለ ግን ይተወው፤ ዐይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል።

በበጋ ለመለየት የሚቀልሉ ዛፎችም አሉ። የአበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ በየግቢው ተቀላቅለው ስለሚገኙ ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። ፍሬያቸውን ያየ ግን አይሳሳትም። የአበሻ ጥድ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ጁኒፔሩስ ፕሮሴራ፣ ነጣ ያለ ዱቄት የተነፋበት የሚመስል ሰማያዊ፣ ለስላሳና ከአተር ብዙም የማይበልጥ ፍሬ ያፈራል። ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው የፈረንጅ ጥድ ደግሞ እንደ እንጨት ደርቆ የሚሰነጣጠቅ ክብ ፍሬ አለው። አንድ ጥድ ፍሬ የለውም ተብሎም በችኮላ መፍረድ አይገባም፤ በአበሻ ጥድ ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ናቸው። ኮሶም እንዲሁ ነው። በበጋው ወራት ሲያብብ የሴቴው ዘለላ ወፍራምና ቀላ ያለ፣ የወንዴው ሳሳ ያለና ወደ ብርቱካናማነት የሚያደላ ይሆናል። ለትል መድኃኒትነት ሲፈለግ የኖረው የሴቴው ነው። የሰሌዳ ጥቅም የሚታየው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው፤ በእኔ ግምት በአንድ ማዕከል ውስጥ መቶ አበባ ከማየት አሥር ሰሌዳ ከዛፉ ጋር እያገናዘቡ ማንበብ ይሻላል።

የማዕከሉ ሠራተኞች በዚህ ወቅት ሥራ አይፈቱም። የደረሰ ዘር የሚሰበሰበው በአብዛኛው አሁን ነው፤ የወይራ ዘር ጠንካራ ልባስ ስላለው ካልተሰበረለት ቶሎ አይበቅልም፣ ስለዚህ ከመዘራቱ በፊት በጥንቃቄ ይሰነጠቃል። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ ጸደቀ ወይስ አልጸደቀም የሚባለውም ክረምቱ ሲያልቅ ሳይሆን ይህን የመጀመሪያ በጋ ሲያልፍ ነው፤ ስለ ተከላ ቁጥር በብዛት የሚነገረውን ያህል ስለዚህ አለመነገሩ ያሳዝናል። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ በሣር የተከደነ ዳስ ካዩ ለቀን ፀሐይ ብቻ የተሠራ እንዳይመስልዎ፤ ሌሊት ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ስለሚይዝ ከውርጭም ይከላከላል። ከችግኙ ሥር ገለባ ይነሰነሳል፣ ይህም እርጥበቱን ያቆያል። ውርጭ ይወርዳል ተብሎ በተፈራበት ቀን አፈሩን በጊዜ ውሃ ማጠጣትም ይረዳል፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ቀን ስለሚይዝና ሌሊት ቀስ እያለ ስለሚለቅቅ ነው።

ለጉብኝት የሚሆነው ሰዓት በሚፈለገው ነገር ይወሰናል። አመዳይ ለማየት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት መድረስ ያስፈልጋል፤ ፀሐይ ከነካው በኋላ በጥቂት ደቂቃ ይጠፋል። ለአበባና ለወፍ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ያለው ይመቻል። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይበረታል፣ አቧራውም ይነሣል። በዚህ ወቅት ሣሩ ደረቅ ስለሆነ ደን ውስጥ ሲጋራ ማጨስም ሆነ እሳት ማንደድ ጨርሶ አይገባም። ከሥር ወድቆ የተገኘ ቅጠል ማንሣት ይበቃል፤ ከዛፉ መቀንጠስ፣ ዘር መውሰድ ወይም ቅርፊት መላጥ በማዕከላትም በጥብቅ ደኖችም የተከለከለ ነው።

ሁለት ጊዜ መሄድ የሚችል ሰው አንዱን በጥር መጨረሻ፣ ሌላውን የበልግ ዝናብ ከጣለ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ቢያደርገው ጥሩ ነው። በወሎ ደጋ በልግ ከየካቲት ጀምሮ ሊገባ ይችላል። በጥር ደርቀው የነበሩት ግንዶች ያን ጊዜ ሁለት ይሆናሉ፤ አንዳንዱ ከጫፉ ሞቶ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይነሣም። አትክልተኛው በጥር ውርጭ የመታውን ቅርንጫፍ ሳይቆርጥ የሚቆየው ለዚህ ነው። የሞተው ቅጠል ሥሩ ያለውን እምቡጥ ከቀጣዩ ውርጭ ይሸፍነዋል፣ ቀድሞ የተቆረጠ ተክል ደግሞ ብርዱ ሳያልፍ ለጋ ቀንበጥ ሊያወጣ ይችላል። መቀሱ የሚወጣው አዲሱ ቡቃያ ከየት ላይ እንደጀመረ ከታየ በኋላ ነው።